ይስማው ከባቡሩ አጠገብ የቆመበት ቦታ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከባሕር ዳር በቴሌግራም አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። የድሮ ፎቶ እየለጠፉ «ይህ የት ነው?» እየተባባሉ የሚጨዋወቱበት ቡድን ውስጥ ገብታለች። ፎቶው ያረጀ የባቡር ጣቢያ ነው፤ ቆርቆሮው የተገነጠለ ቤት፣ ሣር የበቀለበት ሐዲድ፣ ጥላ የያዘች አንዲት ሴት። ከሥሩ የሰው ግምት ተደርድሯል። አንዱ ሞጆ ነው ይላል፣ ሌላው አፍደም፣ ሌላው ደግሞ ይህማ የኛ አገር አይደለም ብሎ ይሟገታል። ልጄ «እማዬ፣ አንቺ በባቡር ሄደሽ ታውቂያለሽ አይደል? እስኪ ገምቺ» ብላ ጽፋለች።

መነጽሬን አድርጌ ብዙ አየሁት፤ የት እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ሞጣ ተወልዶ ሞጣ ጡረታ የወጣ ሰው ስለ ባቡር ምን ያውቃል? በኛ በኩል ሐዲድ አልፎ አያውቅም። ነገር ግን በወጣትነቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ የባቡር ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቦታ ፍለጋ ከቢቸና ተነሥቼ፣ ዓባይን ተሻግሬ፣ እስከ መተሐራ ሄጃለሁ። ስልኩን አስቀምጬ ያን ጊዜ ሳስብ ዋልሁ።

ያኔ ከነርስነት ትምህርት መመረቄ ነበር። የመጀመሪያ ምደባዬ ቢቸና ጤና ጣቢያ ሆነ። ለሞጣ ሰው ቢቸና ሩቅ አገር አይባልም፤ ግን መንገዱ ጠጠር ስለነበር በክረምት አውቶብሱ ደብረ ወርቅ አካባቢ ጭቃ ይዞት ሲያጓራ መዋሉ የተለመደ ነው። ቤት የተከራየሁት ከእትዬ ጥሩወርቅ ነበር። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ለብቻዬ በምድጃ እያበሰልሁ ስበላ ዝም ብለው ሰነበቱና አንድ ቀን ከደጃፌ ቆመው፣ «አንች ልጅ፣ ይህን የተማሪ ወጥ ተይና ከኔ ጋር ብይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በጾሙ ተልባና ሽሮ፣ በፍስኩ እርጎና አይብ ከአንድ ገበታ እንበላ ጀመር።

ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጎን፣ አንድ ፎቶግራፍ በመስታወት ተሰቅሎ ነበር። አንድ ወጣት ከባቡር ፉርጎ አጠገብ ቆሟል። ቁምጣና እጅጌው የተጠቀለለ ሸሚዝ ለብሷል። ግራ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቀኝ መዳፉን በፉርጎው ላይ አሳርፏል፤ በሬውን ለገበያ አቅርቦ የሚያሻሽጥ ገበሬ ይመስላል። ጥርሱ በሙሉ ይታያል። ከኋላው ጥቁር ድንጋይ ተከምሯል፤ ከድንጋዩ ማዶ ጫፉ ተቆርጦ የተጣለ የሚመስል አንድ ተራራ አለ። የጣቢያ ስም የለም፣ ጽሑፍ የለም፣ ሌላ ሰው የለም።

ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርሁም ነበር። ያወቅሁት በዓይናቸው ምክንያት ነው። አንድ ማለዳ ውኃ ሲቀዱልኝ ከኩባያው ውጭ ሲያፈስሱ አየሁ። ሌላ ቀን የበሩ መቃን ግንባራቸውን መታቸው። ጠረጠርሁና ደብረ ማርቆስ ድረስ ይዣቸው ሄድሁ። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ። የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም በጠብታ ለጊዜው ቢቆይ እንጂ እንደማይዘልቅ ነገረን። እትዬ ጥሩወርቅ አመስግነው ወጡ። ቤት ስንደርስ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ፎቶውን ከግድግዳ አወረዱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ይህ ቦታ የት እንደሆነ ሳላውቅ ልታወር ነው» አሉ።

ፎቶው የታናሽ ወንድማቸው የይስማው ነበር። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ልጃቸው ቅኔ ቤት ገብቶ እሳቸውን እንዲተካ ይመኙ ነበር። ይስማው ግን ከጉባኤው ወጥቶ ጠፋ። አባትየው ስሙ በቤት ውስጥ እንዳይነሣ አዘዙ።

«ከዓመታት በኋላ አንድ ወታደር ለፈቃድ አገሩ ሲገባ ይህን ይዞ መጣ» አሉኝ። «አባባ ከበር መለሱት። እኔ ውኃ ቀድቼ ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኝ። ‹ወንድምሽ ባቡር ላይ ሥራ ይዟል፣ ደኅና ነው፣ ለእህቴ ስጥልኝ ብሏል› ብሎ በእጄ አስያዘኝ። እንስራው ከጀርባዬ፣ ፎቶው በእጄ፤ ደስታው አቅሌን አሳተኝና የት ነው ብዬ ሳልጠይቀው ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድም ወሬ የለም። መልኩን ላከልኝ፤ አገሩን ግን አልላከልኝም።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ቢቸና ውስጥ ያልጠየቁት ሰው አልነበረም። ጎረቤታቸው ያሉት ቄስ አሥመራ ነው ብለዋቸዋል። አንድ የጦር ጡረተኛ ድሬዳዋ ነው ብሎ ምሎላቸዋል። የጁቤ ከተማ ያለ ዘመዳቸው ደግሞ ጅቡቲ ነው ብሎ ተስፋ አስቆርጧቸዋል። ከጠየቋቸው ሰዎች አብዛኛዎቹ ባቡር በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

እኔ ግን ባቡር ሥር ያደገ ሰው አውቅ ነበር። የጤና ጣቢያችን የላብራቶሪ ባለሙያ ጀማል የድሬዳዋ ልጅ ነው። አባቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ በባቡር ሥራ ላይ አሳልፈው ጡረታ ወጥተዋል። ጀማል የቢቸና ብርድ አልስማማው ብሎ ሹራብ በሹራብ ደርቦ፣ አጉሊ መነጽሩ ላይ ተደፍቶ የሚውል፣ ሰውን ማሳቅ የሚወድ ልጅ ነበር። ነገሩን ስነግረው «ዛሬውኑ ልየው» አለ። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እትዬ ጥሩወርቅ ሃይማኖቱን አስበው ኖሮ ወጥ ሳይሆን ትኩስ ዳቦና ማር አቀረቡለት። እሱም ያን አስተውሎ እጃቸውን ሳመ።

ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ድሬ አይደለም» አለ። «ድሬን በጨለማ ዳስሼ አውቃታለሁ። አዋሽም አይደለም። ይህ ድንጋይ ግን እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው። ተራራውም የማውቀው ይመስለኛል። መተሐራ ነው እንዳልል…»

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው።

«ሐይቁ የለም፣ እትዬ። መተሐራ ሲደርሱ ባቡሩ በውኃ መሐል ነው የሚያልፈው። ልጆች ሆነን መስኮት ላይ የምንጋፋው እሱን ለማየት ነበር። እዚህ ፎቶ ላይ ጠብታ ውኃ የለም።»

የሴትዮዋ ፊት ሲወድቅ አየሁት። ጀማልም አየ። ወዲያው እርሳስና ወረቀት ጠየቀኝና ተራራውን፣ የድንጋዩን ክምር፣ የሐዲዱን መታጠፊያ እያስተያየ ሣለ። ፎቶውን ከቤት እንደማያስወጡት ገብቶታል። «ነሐሴ ላይ ፈቃድ እወጣለሁ፤ ለአባቴ አሳየዋለሁ» አለ።

ክረምት እንደዚያ ዓመት ረዝሞብኝ አያውቅም። እትዬ ጥሩወርቅ ጠብታቸውን ሳያስታጉሉ ያደርጋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሲገለጥ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያያሉ። ጀማል የተመለሰው በአዲስ ዓመት ማግስት ነው። ቤቱ እንኳ ሳይገባ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ከአውቶብስ ወርዶ ወደኛ መጣ።

«መተሐራ ነው!» አለ ገና ከአጥሩ ሳይገባ። «አባቴ ሥዕሌን አይቶ ሳቀብኝ። እሱ ሥራ ሲጀምር ሐይቁ ከሐዲዱ የራቀ ትንሽ ኩሬ ነበር አለኝ። በየዓመቱ እየሰፋ፣ እየሰፋ መጥቶ ነው ሐዲዱ ላይ የደረሰው። ፎቶው የተነሣው ውኃው ሳይመጣ ነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ተነሥተው ቆሙ። ዕልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ጀማልን በሁለት እጃቸው ጉንጩን ይዘው፣ «ስሙን ድገምልኝ» አሉት። «መተሐራ» አላቸው። እሳቸውም «መተሐራ፣ መተሐራ» እያሉ ወደ ጓዳ ገቡ።

ጥቅምት ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አብሬያቸው ተነሣሁ። ጀማል መምጣት አልቻለም። እሳቸው በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቀዋል፤ ደግሞም በትልቅ ጠርሙስ ነጭ ማር ይዘዋል። «በሕይወት ካለ ብዬ ነው፤ ማር ይወድ ነበር» አሉኝ። ከቢቸና እስከ ደጀን ጤፉ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ወርቅ ሆኖ ነፋሱ እያስተኛ ያነሣዋል። ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ድልድዩ ላይ ሾፌሩ ሲያቀዘቅዝ እትዬ ጥሩወርቅ አማተቡና፣ «ይህን በእግሩ ነው የተሻገረው» አሉ። ከዚያ በፊት ዓባይን ተሻግረው አያውቁም ነበር።

አዲስ አበባ ከዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ጠዋት ለገሃር ደረስን። ባቡሩ ቆሟል። እትዬ ጥሩወርቅ ከመሳፈራቸው በፊት ጠጋ ብለው መዳፋቸውን በፉርጎው ላይ አሳረፉ። የተቀመጥንበት ወንበር እንጨት ነው። አጠገባችን ያለችው ነጋዴ የሽንኩርት ኬሻዋን እግራችን ሥር አስቀመጠች፤ ማዶ ያሉ ሽማግሌ ፍየል አቅፈዋል። ናዝሬትን ካለፍን በኋላ ሣሩ ጠፋ፣ ግራሩ በዛ፣ አየሩ ትኩስ አቧራ ሸተተ። እሳቸው የሚያዩት በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ስለነበር፣ ከጎን የሚያመልጣቸውን እኔ እነግራቸዋለሁ። «ግመል አለ። ሸንኮራ አለ። ልጆች እጃቸውን ያውለበልባሉ።»

ድንገት ምድሩ ጥቁር ሆነ። የተቃጠለ የሚመስል ድንጋይ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ተቆለለ። ቀጥሎ ውኃው መጣ፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ የደረቁ ግራሮች ግንድ ከመሐሉ የቆመበት ውኃ። ፎቶውን ከሻንጣ አውጥቼ ከመስኮቱ ጎን ያዝሁት። ባቡሩ ሲታጠፍ ተራራው ቀስ እያለ ዞረ፣ ዞረ፤ ጫፉ የተቆረጠው ገጽታው ከፎቶው ጋር አንድ ሆነ።

«እትዬ፣ ተራራው!» አልሁ።

«አየሁት» አሉ። «ዝም በይ፣ ልየው።»

መተሐራ ጣቢያ ወርደን ስንጠያይቅ ከጣቢያው ሻይ ቤት ወደተቀመጡ አንድ አዛውንት መሩን። በባቡር ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ፎቶውን ተቀብለው አዩ፣ ራቅ አድርገው አዩ፣ እንደገና አስጠጉት።

«ፊቱ የግራው ነው» አሉ። «ነው እንዳልል ግን ይኸኛው ሁለት እጅ አለው።»

«ግራው ማነው?» አልኋቸው።

«የሐዲድ ማቋረጫው ጠባቂ ነበር። ሁሉን ነገር በግራ እጁ ስለሚሠራ ነው እንዲያ ያልነው። ስሙ ይስማው ነው፤ የጎጃም ሰው። ፉርጎ ሲያገጣጥም ቀኝ እጁ ተቆረጠ። ከሞተ ቆይቷል፣ ነፍሱን ይማረው።»

እትዬ ጥሩወርቅ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። «ቤት አለው? ልጅ አለው?» ብቻ ነው ያሉት።

ቤቱ ከሐዲዱ ብዙ አይርቅም ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ጫልቱ ደንግጠው በሩን ከፈቱልን። ሴት ልጁ አልማዝ በኔ ዕድሜ ትሆናለች፤ ከሸንኮራ እርሻው ሥራ ተመልሳ ፊቷን እየታጠበች ነበር። ማን እንደሆንን ስትሰማ ፎጣውን በእጇ እንደያዘች ቆመች።

«እህቱ ነዎት?» አለች። «አባቴ ሲሞት አፈር ያለበሱት የባቡር ሰዎች ናቸው። እርስዎ የት ነበሩ? ከልጅነቴ ጀምሮ ዘመድ የሌላት እየተባልሁ ነው ያደግሁት።»

«አልማዝ!» አሏት እናቷ።

«ተያት፣ ትናገር» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «እውነቷን ነው። የት እንዳለ አላውቅም ነበር፣ ልጄ። ያለኝ ይህ ብቻ ነው።»

ፎቶውን ዘረጉላት። አልማዝ ልትመልሰው እጇን ስታነሣ ዓይኗ ወደቀበት። ሌላውን ሁሉ ትታ ያየችው ፉርጎው ላይ ያረፈውን ቀኝ እጁን ነበር። አባቷን እጁ ሙሉ ሆኖ አይታው አታውቅም። በአንድ ጣቷ መዳፉን ዳሰሰችው፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እትዬ ጥሩወርቅም አጠገቧ ወርደው ተቀመጡ። እስከዚያች ደቂቃ የያዙትን ሁሉ ያን ጊዜ ለቀቁት።

ወይዘሮ ጫልቱ ቆየት ብለው የነገሩን ይህን ነው። ፎቶውን የተነሣው ሥራ በያዘ ሰሞን ነው፤ አንድ ተዘዋዋሪ ፎቶ አንሺ መጥቶ። አደጋው የደረሰው ፎቶውን በወታደሩ ከላከ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነው። አገርህ ግባ ሲሉት፣ «እህቴ ጋ ያለው ፎቶ ሙሉ ሰው ነው፤ እንደዚያው ያስቡኝ» ይላቸው ነበር። «አባቴ እጄን ሲያይ ‹ቅኔውን ትተህ ይህን አገኘህ› ይለኛል» ብሎም ይፈራ ነበር።

ጀንበር ሳትጠልቅ ሁላችንም ወደ ሐይቁ ሄድን። አልማዝ እትዬ ጥሩወርቅን በእጇ ይዛ ከድንጋይ ድንጋይ ታሳልፋቸው ነበር። ወይዘሮ ጫልቱ ወደ ውኃው አመለከቱ። ፎቶው የተነሣበት፣ ፉርጎዎቹ ይቆሙ የነበረበት መሬት እዚያ ነው፤ ውኃው ሸፍኖታል። እትዬ ጥሩወርቅ ጫማቸውን አውልቀው ውኃው ቁርጭምጭሚታቸው እስኪደርስ ገቡ። ተራራውን ፊት ለፊት እያዩ፣ ሰው አጠገባቸው የቆመ ያህል በዝግታ ተናገሩ።

«ይስማው፣ አባባ ሲሞቱ ያንተን ስም ጠርተው ነው የሞቱት። ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርሁህ የት እንዳለህ አጥቼ ነው።»

ተመልሰን በወጣን ጊዜ ፎቶውን ለአልማዝ ሰጧት። እምቢ ስትል፣ «እኔ ከእንግዲህ ብዙም አላየው። አንች እይልኝ» አሏት። ማሩንም እዚያው ተዉት።

የሚቀጥለው ዓመት ለመስቀል አልማዝ ቢቸና መጣች። እትዬ ጥሩወርቅ ያኔ የሚያዩት ጥላ ብቻ ነበር፤ ግን ከአጥሩ ስትገባ አረማመዷን ሰምተው «የይስማው ልጅ» ብለው ተነሡ። በየዓመቱ እየመጣች ትሰነብት ነበር። ሲያርፉም ከሬሳው ኋላ የተከተለችው የቅርብ ዘመድ እሷ ናት። ጀማል ወደ አገሩ ተዛውሮ ሄደ፤ ለኢድ እየደወልሁ እንኳን አደረሰህ እለዋለሁ፤ የቢቸናን ብርድ እስከ ዛሬ ያማል።

እኔ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሁሉ ነርስ ሆኜ ኖርሁ። ስለ ይስማው ማሰብ ግን አልተውሁም። ሰው ለሚወዱት ሰዎች የሚያምረውን ብቻ አሳይቶ ከቀረው ጋር ለብቻው ሲኖር፣ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ይመስለዋል። እህቱ ግን ሲፈልጉ የኖሩት ሙሉ እጁን አልነበረም። በሥራዬ ስንቱን አየሁ፤ ከሩቅ አገር ሥራ ቦታ ተጎድቶ መጥቶ «ለቤተሰቤ እንዳትነግሪብኝ» የሚለኝን። አልነግርም፤ የይስማውን ታሪክ ግን አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ጡረታ ልወጣ ስል ሞጣ ውስጥ አንድ የሕንፃ ሠራተኛ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ተኝቶ ነበር። እናቱ ገጠር ናቸው፤ አዲስ አበባ በደኅና ሥራ ላይ እንዳለ ነው የሚያውቁት። ነገርሁት። በማግስቱ ጠዋት ቁስሉን አጥቤለት ልሄድ ስል፣ «ሲስተር፣ ስልክሽን ታውሺኛለሽ?» አለኝ።

እናቱ በሦስተኛው ቀን ደረሱ፤ ነጠላቸው አቧራ ለብሶ። እሱ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ብርድ ልብሱን ይገልጡት ይሆን ብዬ አያለሁ። ሴትዮዋ እግሩ ወዳለበት እንኳ አልተመለከቱም። ጎንበስ ብለው ግንባሩን ዳሰሱና፣ «ትኩሳት የለህም፣ ተመስገን» አሉ፤ «ምን በላህ?»